አርባ እርምጃ ጀፎረ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቴ አንድ ፔርሙዝ፣ አንድ ብርድ ልብስና በመስታወት የተለበጠ የምስክር ወረቀት ሰጠኝ። ወረቀቱ «በእንስሳት መኖ ልማት ባለሙያነት ለረጅም ዓመታት ላበረከቱት ከፍተኛ አስተዋፅኦ» ይላል። ቤት ስደርስ እህቴ ጮክ ብላ አነበበችው። እናቴ ትራሷን ተደግፋ እስከ መጨረሻው ከሰማች በኋላ «አረም ስትነቅል ኖረች ለማለት ይህን ሁሉ ቃል ምን አስፈለገው?» አለች።

ሳቅሁ፤ እውነቷን ነዋ። ስሜ ከድጃ ነው፤ የቡታጅራ ልጅ ነኝ። የሥራ ዘመኔን የጨረስኩት ፈረስ በሚግጥበት ሣር ላይ ተንበርክኬ ነው። ሌላው ሰው ፈረስ ሲያልፍ ጋማውንና አረማመዱን ያያል፤ እኔ የማየው አፉ የደረሰበትን መሬት ነው። ሠርግ ላይ እንኳ ሙሽራው በፈረስ ሲመጣ ዓይኔ ኮቴው ስር ነው። ጓደኞቼ «ከድጃ፣ ምን ወድቆብሽ ነው?» እያሉ ሲቀልዱብኝ ኖረዋል።

ሥራ የጀመርኩት እዚያው ቡታጅራ ነው። ያኔ የከተማው ታክሲ ጋሪ ነበር። ዛሬ ባጃጁ ቦታውን ወስዶታል፤ ባጃጅ ደግሞ ሣር አይጠይቅም። በዚያ ዘመን ግን ጋሪ ነጂዎቹ ፈረሶቻቸውን ከሥራ መልስ የሚለቁበት አንድ ሜዳ ከከተማው ዳር ነበራቸው። ሜዳ ይባል እንጂ የሚጋጥ ነገር አልነበረውም። ግማሹ አሜከላ፣ ግማሹ ቱልት ነበር። አሜከላ የወጋው ሁሉ ያውቀዋል። ቱልት ደግሞ ያ ቅጠሉ ሰፊ፣ ሥሩ ቢጫ ሆኖ እንደ ካሮት ወደ ታች የሚወርደው አረም ነው።

ከኮሌጅ ከወጣሁ ገና ወር አልሞላኝም ነበር። ጋሪ ነጂዎቹን ሰበሰብኩ፤ ገጀራና ማጭድ አስይዤ በሁለት ቀን ሜዳውን ሙልጭ አደረግነው። ሪፖርት ጻፍኩ። አለቃዬ አነበበና አመሰገነኝ፤ ደመወዝተኛ ከሆንኩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ምስጋና ስለነበረ ሌሊቱን ሁሉ ደስ ብሎኝ አደርኩ።

በቢሮው ውስጥ ያላመሰገነኝ አንድ ሰው ነበር። ጋሽ ተክሌ ይባላሉ፤ የመኖ ክፍሉ አንጋፋ ባለሙያ ናቸው። ሦስት ሳምንት ቆዩና አንድ ጠዋት «ነይ ከድጃ፣ ድል ያደረግሽበትን ሜዳ እንጎብኝ» ብለው ወሰዱኝ። አንገቱን የተቆረጠው አሜከላ ሁሉ በአንድ አንገት ፋንታ ሦስት አውጥቶ ጠበቀኝ።

«ስትቆርጪው ስንት ነበር?» አሉኝ።

«አንድ።»

«አሁንስ?»

«ሦስት።»

«እንግዲያው ሪፖርትሽ ላይ ምርቱ በሦስት እጥፍ አድጓል ብለሽ ጨምሪበት።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ከጋሽ ተክሌ ሥር አልጠፋሁም።

ጋሽ ተክሌ ሜዳ እንደገቡ ስለ አረም አያወሩም ነበር። መጀመሪያ የሚጠይቁት ችካሉ የት እንደተተከለ ነው። የታሰረ ፈረስ ገመዱ በደረሰበት ልክ ክብ ሠርቶ ይግጣል፤ ችካሉ ካልተዛወረ ያ ክብ ይራቆታል። ጋሽ ተክሌ ክቡን ሲያገኙ ይንበረከኩና እናት የልጇን ፀጉር እንደምትፈትሽ ሣሩን በሁለት እጃቸው ይከፍሉታል። «ባዶ መሬት እንግዳ አያጣም» ይሉ ነበር። «ማን እንደጠራው ሳታውቂ እንግዳውን አትስደቢ።»

ከመኪና ባሌስትራ ያስቀጠቀጡት፣ ጫፉ ለሁለት የተሰነጠቀ የክንድ ያህል ብረት ነበራቸው። ዝናብ ባረፈ ማግስት ከቱልቱ ሥር አጠገብ ያስገቡትና ዘንበል አድርገው ያነሱታል። ሥሩ «ጧ» ካለ ተሰብሯል፤ ተመልሶ ይበቅላል። ዝም ብሎ ከወጣ ሙሉ ነው። ዓይኔን አስጨፍነው እያነሱ «ጨርሷል ወይስ ቀርቷል?» እያሉ በጆሮዬ አስተማሩኝ። በኋላ በኋላ ዓይን ሳያስፈልገኝ አወቅሁት።

ሌላው ልማዳቸው የነቀሉትን ሜዳ ላይ አለመተው ነበር። ይህንን የተማርኩት ሽኩር በሚባል ጋሪ ነጂ ፈረስ ነው። ሽኩር አንድ ጠዋት እያለከለከ ቢሮ ገባ።

«አሰላሙ አለይኩም! ጋሽ ተክሌ፣ ፈረሴን ቡዳ በላብኝ!»

ስንደርስ ፈረሱ ዓይኑ ፈጦ፣ አፉ ደርቆ፣ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። ጋሽ ተክሌ ፈረሱን ትተው አካባቢውን አዩ። ሽኩር ራሱ ግቢውን ሊያጸዳ አስተናግር የተባለውን መርዘኛ አረም አጭዶ ከምሮታል። እርጥቡን ፈረስ ከሽታው የተነሣ ይሸሸዋል፤ ሲጠወልግ ግን ሽታው ይሄድና መርዙ ይቀራል። ፈረሱ በሁለተኛው ቀን ውኃ ጠጣ፤ ዳነ። ጋሽ ተክሌ በመመለሻችን ላይ «የነቀልሽውን አትተዪው፤ አትጎትቺው፤ ሸፍነሽ ተሸከሚው» አሉኝ። ይህን ቃል ለሰው ሳልነግር የቀረሁበት አንድ ጊዜ አለ፤ እሱንም እነግራችኋለሁ።

ከሁሉ በላይ የሚያስቀው ጣሳቸው ነበር። የወተት ዱቄት ጣሳ ነው፤ ታቹን በምስማር በስተውታል። ከሚጠራጠሩት ሜዳ ፋንድያ ያመጡና ከንጹሕ አፈር ጋር ደባልቀው ጣሳው ውስጥ ይጨምሩታል፤ ከቢሮው መስኮት ላይ አስቀምጠው በየቀኑ ውኃ ያጠጡታል። በሦስት ሳምንት ውስጥ ፈረሱ የበላው ዘር ሁሉ ይበቅላል። «ፈረስ አይዋሽም» ይላሉ። ከሌላ አገር የመጣ ድርቆሽ ከሆነም መጀመሪያ ጣሳው ላይ ያራግፉታል፤ ሦስት ሳምንት ሳይጠብቁ ለማንም አይሰጡም። ጡረታ ሲወጡ ብረቱንና ጣሳውን ለእኔ ሰጡኝ። ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ነፍሳቸውን ይማር።

ከቡታጅራ ወደ ቆሼ ከተማ ተዛወርኩ። ቆሼ ሜዳማና ሞቃት ነው፤ ሕዝቡ ደግሞ ደግ። ቅንጨ አረም የሚባለውን ጉድ ያወቅሁት እዚያ ነው። ቅጠሉ የካሮት ቅጠል ይመስላል፤ አበባው ትንሽ፣ ነጭ፣ ለማያውቀው ያምራል። ሲነኩት እጅ ያሳክካል። ከብት ተርቦ ከበላው ወተቱ ይመርራል። ከበቀለ በወር ከምናምን ያብባል፤ ካበበ በኋላ የሚያራግፈውን ዘር ቆጥሮ የሚጨርስ የለም። ቆሼ በቆየሁባቸው ዓመታት ብዙ ወዳጅ አፈራሁ፤ በመጨረሻ ወደ ወልቂጤ ስዛወር በለቅሶ ነው የሸኙኝ።

ወልቂጤ ሆኜ ከምከታተላቸው መንደሮች አንዱ ከጉብሬ አንድ ሰዓት በእግር የሚያስኬድ ነው። መንደሩ ጀፎረ አለው። ጀፎረ ማለት በሁለት ረድፍ በተሠሩት ቤቶች መካከል የሚዘረጋ ሰፊ የሣር ሜዳ ነው፤ መንገድም ነው፣ የፈረስ ግጦሽም፣ የሠርግና የለቅሶ ቦታም። አይታረስም፣ አይታጠርም። ማንም የእኔ አይለውም፤ ግን እያንዳንዱ ቤት ከበሩ ፊት ያለውን ቁራጭ ይጠብቃል። ያንን ቁራጭ ድርሻ ይሉታል። መጀመሪያ ያየሁት ዕለት ሰርዶና ባለ ሦስት ቅጠሉ ማገጥ እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ፈረሶች ራሳቸውን ደፍተው ሲግጡ ነበር። ጋሽ ተክሌ ባዩት ብዬ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

የመንደሩ ሽማግሌ አቶ ዘርጋ ይባላሉ። ዳማ ፈረስ አላቸው፤ ከእሳቸው እኩል ያረጀ ነው ብለው ይምላሉ። የሚናገሩት ጥቂት ነው፤ ግን ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ያንን ጥቂት ነው።

አንድ ዓመት በልጉ ቀረ። ጀፎረው ከስሎ መሬት መሰለ፤ የፈረሶቹ የጎን አጥንት ይቆጠር ጀመር። የአቶ ዘርጋ ዳማ አንድ ጠዋት ተኝቶ ሳይነሣ ቀረና በሰው ጉልበት አነሡት። እኔም ቆሼ ያሉ ወዳጆቼን ደወልኩላቸው፤ አላሳፈሩኝም፤ አንድ ኢሱዙ ሙሉ ድርቆሽ ላኩ። ጣሳዋ መስኮቴ ላይ ነበረች። ሦስት ሳምንት ብጠብቅ ፈረሶቹ ያልቃሉ ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ውሸት አልነበረም። ግን ቢያንስ አንድ እፍኝ አራግፌ የሚበቅለውን ማየት፣ ፋንድያውንም በአንድ ቦታ ማስቀረት እችል ነበር። አላደረግሁም። ሲመርቁኝ መስማት ቸኩዬ ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ!

መኪና ጀፎረ ላይ አይነዳም፤ አቶ ዘርጋ በርሃብም ቢሆን ይህን አይፈቅዱም። ስለዚህ ድርቆሹ የተራገፈው በመግቢያው ካለው የመጀመሪያ በር ፊት ነው። የሀብቴ በር ነበር።

ሀብቴን ላስተዋውቃችሁ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ እንሰቱ የሚያስቀና ገበሬ ነው። ከድርቁ ሁለት ዓመት በፊት አጥሩን ሁለት እርምጃ ያህል ወደ ጀፎረው ገፍቶ ነበር። ሽማግሌዎቹ ተቆጡት፤ ተቀጣ፤ አጥሩን መለሰ። ጥፋቱ ተከፍሎ ያለቀ ነው፤ የሰው ትዝታ ግን አላለቀም።

ክረምቱ ገባ፤ ዝናቡ ጥሩ ነበር። እኔ በሌላ ሥራ ተጠምጄ ወደዚያ የተመለስኩት የመስቀል ዋዜማ ነው። በዚያ አገር ለመስቀል ከአዲስ አበባ የማይመጣ ልጅ የለም። ልጆቹ ከመድረሳቸው በፊት እያንዳንዱ ቤት ድርሻውን ያጸዳል፤ የነቀለውንም አረም በጀፎረው ርዝመት እየጎተተ ወስዶ ደመራው አጠገብ ይከምራል። ስደርስ ሥራው አልቆ ሰው እየተሳሳቀ እጁን ይታጠባል። እትዬ አስካለ የሚባሉ ጨዋታ አዋቂ ባልቴት እጄን ይዘው «እይ እስቲ፣ የኔ በር ከሁሉ አይበልጥም?» አሉኝ። በልጦ ነበር። አመሰገንኳቸው። ወደ ክምሩ ዞር ስል ከአሜከላው መሐል የካሮት ቅጠል የመሰለ ነገር አየሁ። ነጩ አበባው ረግፎ ዘር ሆኗል።

ከሀብቴ በር ጀምሮ እስከ ደመራው ድረስ ጎትተውታል፤ ዘሩን በዚያ ርዝመት ሁሉ በትነውታል። ያኔውኑ መናገር ነበረብኝ። «በበዓል ላይ ሰው ማስደንገጥ ነውር ነው» ብዬ ዝም አልኩ። እውነቱን ለመናገር ግን ፈራሁ። ክትፎው ቀረበልኝ፤ በላሁ፤ ጣዕሙ ግን ትዝ አይለኝም።

በሚቀጥለው ክረምት ጀፎረው ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሆነ። ሰርዶው ታፍኖ ሞተ። ፈረሶቹ ከንፈራቸው እየቆሰለ መጣ፤ ዳማው ደግሞ ከነጩ መሐል የቀረችውን ሣር እየለቀመ አንገቱን ሳያነሣ ይውል ነበር። በየጊዜው እሄዳለሁ፤ «ጉዳዩ እየተጠና ነው» እላለሁ። እንዲህ ብዬ መናገሬን ሳስብ ዛሬም አፍራለሁ።

መንደሩ ደግሞ መልሱን በራሱ አገኘ። አረሙ ከሁሉ ቀድሞ የበቀለው፣ ከሁሉም በላይ የወፈረው በሀብቴ በር ፊት ነው። «አጥር የገፋበትን ምድሩ አልማረውም» ተባለ። ወሬው ሲዞር ሲዞር ከሰነበተ በኋላ ጉዳዩ ለሽማግሌዎች እንዲቀርብ ተወሰነ። ከተፈረደበት ከመንደሩ ይገለላል፤ እሳት የሚሰጠው፣ ለቅሶውንና ሠርጉን የሚደርስ አይኖርም። ሀብቴ ደግሞ በጥር የመጀመሪያ ሴት ልጁን ሊድር እየተዘጋጀ ነበር። ጉብሬ ላይ ሚኒባስ ስጠብቅ አገኘሁትና «እንዴት ነህ?» አልኩት። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ፤ ቀጠለና «ልጄ ጠርታ የሚመጣላት ታጣ ይሆን?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔን መጠየቁ ነው አንጀቴን የቆረጠው፤ መልሱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኛ።

በማግሥቱ ጣሳዋን አወረድኩ፤ ሌላም ጣሳ ፈለግሁ። በአንደኛው ከጀፎረው የለቀምኩትን ፋንድያ ዘራሁ። ከአቶ ዘርጋ ጋጣ ጥግ የቆሼው ድርቆሽ ትራፊ ቀርቶ ነበርና እሱን በሌላኛው ላይ አራገፍኩት። ሦስት ሳምንት ውኃ አጠጣሁ። በሁለቱም ጣሳ ቅንጨ አረሙ በቀለ። የጋሽ ተክሌ ፈረስ አልዋሸም።

የሽማግሌዎቹ ጉባኤ ጀፎረው ላይ ካለው ዝግባ ስር ነበር። ወንዶቹ በክብ ተቀምጠዋል፤ ሴቶቹ ፈንጠር ብለው። ሀብቴ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆሟል። አንዱ ስለ አጥሩ ሲናገር ተነሣሁ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ፤ በሀብቴ ላይ ከመፈረዱ በፊት እኔን ስሙኝ።»

«የመንግሥት ሰው በዚህ አይገባም» አለ አንዱ።

«እንደ መንግሥት ሰው አይደለም የቆምኩት፤ እንደ ጥፋተኛ ነው።»

ጣሳዎቹን መሐል ላይ አስቀምጬ ሁሉንም ተናገርኩ። ድርቆሹን፣ ያልጠበቅሁትን ሦስት ሳምንት፣ ኢሱዙው ለምን በሀብቴ በር እንደተራገፈ፣ በመስቀል ዋዜማ አይቼ ዝም ማለቴን ጭምር። ስጨርስ ሀብቴ ባርኔጣውን አጠለቀና መሬት ላይ ተቀመጠ።

አቶ ዘርጋ ጣሳውን አንሥተው ቡቃያውን ረዘም ላለ ጊዜ አዩት።

«በዚያ ድርቅ ያንቺ ድርቆሽ ባይመጣ ዳማዬ ዛሬ አይኖርም» አሉ። «ይህን አንክድም። ጀፎረ የነካ ግን ይቀጣል፤ ይህንንም አንተውም። ሀብቴ አጥሩን መልሷል። አንቺስ ምን ትመልሻለሽ?»

«ያላችሁኝን።»

ሽማግሌዎቹ በጉራጊኛ ጥቂት ተነጋገሩና አቶ ዘርጋ ፈረዱ፤ ከሀብቴ በር እስከ ዝግባው ድረስ ያለው አርባ እርምጃ የእኔ ድርሻ ይሁን፤ ንጹሕ እስኪሆን እኔው በእጄ ልንቀል።

«ድርሻ በበር ነው!» አለ ቅድም የተቃወመኝ ሰውዬ። «ይህች ሴት እዚህ በር የላትም!»

አቶ ዘርጋ ቀና ብለው አዩት። «እንግዲህ በር የሌለው ድርሻ ሰጠናት። አንተ በሩን ልትሠራላት ነው?»

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። እኔ አለቀስኩ፤ ከኀፍረት ይሁን ከደስታ ያን ጊዜም አላወቅሁም።

ቅጣቱን ከተቀበልኩ በኋላ ሙያዬን ለመናገር አፌ ተፈታ። አረሙ የሚነቀለው ለመስቀል ሳይሆን ለሐምሌ አቦ ነው አልኩ፤ ሳያብብ። ከዚያ ለቡሄ ዳግመኛ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ። እትዬ አስካለ ግን ዘለው ተነሡ።

«በዚያ ጭቃ? ማን ሊያይልን? ልጆቼ ለመስቀል ሲመጡ ታዲያ ምን ላሳያቸው?»

«ሣር» አልኳቸው።

ጥቂት አሰቡና «እሱም ይታያል» ብለው ተቀመጡ።

ጥር ላይ የሀብቴ ልጅ ሠርግ ሆነ። ጀፎረው ግማሹ ባዶ ነበር፤ ሰው ግን ሞላው። እኔም ተጠርቼ ሄድኩ፤ ዓይኔ እንደ ልማዱ ፈረሱ እግር ስር ነበር።

ሐምሌ ሲገባ ጭቃ ለብሼ አርባ እርምጃዬ ላይ ተንበረከክሁ። እጅ እንዳያሳክክ ፌስታል አጥልቀን ነበር የምንሠራው። የተነቀለው በማዳበሪያ ጆንያ ተሸፍኖ ይወጣል፤ መጎተት ክልክል ነው። ገና ሁለት እርምጃ ሳልሄድ ሀብቴ ጆንያ ይዞ አጠገቤ ተንበረከከ።

«ይህ የኔ ቅጣት ነው» አልኩት።

«የኔ በር ፊት ነው» አለኝ፤ እስከ ማታም አብሮኝ ሲነቅል ዋለ።

ባዶ በሆነው ቦታ ከወንዝ ዳር ሰርዶ ከነአፈሩ እየቆረጥን ተከልን፤ ፈረስ እንዳይረግጠው በእሾህ ከለልነው፤ የእያንዳንዱ ፈረስ ችካል በየቀኑ ይዛወር ጀመር። የመጀመሪያው ዓመት ወገቤ ተቆረጠ። በሁለተኛው ጆንያው ሳይሞላ ቀረ። በሦስተኛው ማገጡ ተመልሶ፣ የዳማው ከንፈር ድኖ አየሁ። ቢሮ ውስጥ ወረቀቱ «የአረም መከላከል ንቅናቄ» ይለው ነበር፤ እኔ ድርሻዬ እለዋለሁ።

ከዚያ ዕድሜዬ ደረሰና ጡረታ ወጣሁ። ቡታጅራ እናቴ ቤት ገባሁ። ጉልበቴ ያመኛል፤ ጡረታው ለዘይትና ለመድኃኒት ይበቃል፤ አልሐምዱሊላህ። ጣሳዋ መስኮት ላይ ናት፤ እናቴ ጤና አዳም ተክላባታለች። ሰኔ አልፎ ሐምሌ ሲገባ ግን እጄ የሚይዘው አጣ። ማን ይጠራኛል? አረም የመንቀል ሥራ ማለቁ መልካም እንጂ መጥፎ ነገር አይደለም እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ስልኬ ጮኸ።

«ከድጃ» አሉ አቶ ዘርጋ፤ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ። «ሐምሌ ገብቷል።»

«ጋሼ ዘርጋ፣ እኔ እኮ ጡረታ ወጥቻለሁ።»

«የወጣሽው ከመንግሥት ነው። ከጀፎረ ማን አወጣሽ? ድርሻሽ በቅሏል፤ ነይ።»

በማግሥቱ የጋሽ ተክሌን ብረት በፌስታል ጠቅልዬ ተነሣሁ። ሚኒባስ፣ ከዚያ ባጃጅ፣ ከዚያ በእግር። በመንገዱ ሁሉ ሦስት ዓመት የደከምንበት ተመልሶ ነጭ ሆኖ ይታየኝ ነበር። የሆነ ሰው ድርቆሽ አስገብቶ ይሆን? ስደርስ አቶ ዘርጋ፣ እትዬ አስካለና ሀብቴ ከዝግባው ስር ቆመው ይጠብቁኛል። ዳማው ወዲያ ይግጣል።

ከሀብቴ በር ጀመርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ አሥር እርምጃ። ሰርዶ ነው። ሃያ፤ ማገጥ። ሃያ አምስተኛው ላይ አንዲት ቅንጨ አረም ብቻዋን ቆማለች፤ ቁመቷ ስንዝር፣ አበባ ያልያዘች። እስከ ዝግባው ሄድኩ፤ ተመለስኩ። ሌላ የለም።

«ይህቺ ብቻ ናት?» አልኩ።

«እሷ ብቻ ናት» አለ ሀብቴ።

«የቀረውን ማን ነቀለው?»

እትዬ አስካለ ወደ ሰማይ ያያሉ። የሀብቴ ጥፍር ግን ጭቃ ነበር።

«ታዲያ ይህቺን ለምን ተዋችኋት? ካበበች እኮ ታውቃላችሁ!»

«ሳታብብ ነው የደወልንልሽ» አሉ አቶ ዘርጋ።

ሀብቴ ባርኔጣውን አወለቀ፤ አንገቱን አከከ። «ሁሉንም ነቅለን ብንጨርስ ኖሮ» አለኝ፣ «ምን ብለን እንጠራሽ ነበር?»

ተንበረከክሁ። ብረቱን ከሥሯ አጠገብ አስገባሁና ዘንበል አድርጌ አነሣኋት። ዝም ብላ ወጣች።